የወሎን የገጠር መንገድ ለብስክሌት ማመቻቸት፦ ሥራው ከዳሩ አንድ ሜትር ይጀምራል

በወሎ ገጠር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሙሉውን መንገድ አይጠቀምም። መኪና ሲመጣ የሚጠጋበት፣ ጭነት የያዘች አህያ ስትገጥመው የሚያልፍበት፣ ዳገቱ ሲከብደው ወርዶ የሚገፋበት በቀኝ በኩል ያለው የመጨረሻው አንድ ሜትር ነው። መንገድ ሲሠራም ሆነ ሲጠገን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ስለ መሐሉ ነው። ጠጠሩ በደንብ የሚጠቀጠቀው መሐሉ ላይ ነው፤ ግሬደር የገፋው ልቅ ድንጋይ የሚከመረው ዳሩ ላይ ነው፤ ጎርፍ ቀድሞ የሚበላውም ይህንኑ ዳር ነው። የቀበሌ መንገድ ኮሚቴ፣ የቅሬ (በወሎ የእድር ስም ነው) ዳኛ፣ መምህር ወይም የልማት ሠራተኛ በአካባቢው መንገድ ላይ ብስክሌት በሰላም እንዲሄድ ከፈለገ ሐሳቡንም አካፋውንም በዚህ አንድ ሜትር ላይ ቢያሳርፍ በትንሽ ድካም ብዙ ይሠራል።

አስቀድሞ መንገዱን መምረጥ ያስፈልጋል። ወሎ ሁሉ ገደል አይደለም። የቆቦ ሜዳ፣ ከኮምቦልቻ በሐርቡ አድርጎ እስከ ከሚሴ የሚዘልቀው የቦርከና ሸለቆ፣ የሐይቅ ከተማ ዙሪያ፣ የጃማና የወረኢሉ ደጋ ሜዳዎች ብስክሌት ያለ ብዙ ልፋት የሚሄድባቸው ስፍራዎች ናቸው። በአንጻሩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይሄድ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ የሚወርድ፣ ጠመዝማዛና የጭነት መኪና የሚበዛበት ስለሆነ የመንደር ኮሚቴ በዶማና በአካፋ የሚያስተካክለው አይደለም። ጉልበትን እዚያ ከመጨረስ ይልቅ ተማሪው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ገበሬው ወደ ገበያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደየጎጡ የሚመላለሱባቸውን ከ3 እስከ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ የቀበሌ መንገዶች መያዝ ይሻላል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች በጠጠር መንገድ ስለተገናኙ በአብዛኛው ቦታ የሚጎድለው አዲስ መንገድ መቅደድ ሳይሆን የተቀደደውን መጠበቅ ነው።

የመንገዱ ባለቤት ማን እንደሆነም ከመነሻው ይታወቅ። ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው አስፋልትና ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የፌዴራል ስለሆኑ የሚመለከታቸው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ነው፤ በእነዚህ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ሆነ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መሥራት አይገባም። በቀበሌ መንገድ ላይ ደግሞ የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ እቅዱን አይቶ ከተስማማ በኋላ የሕዝብ ጉልበት ሊገባ ይችላል።

መንገዱን ማጥናት

ጥናቱ በብስክሌት መሆን አለበት። በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የማይሰማው ጉድጓድ በብስክሌት መሪ በኩል ክንድን ያነዝራል። ከአጥኚዎቹ መካከል አንዲት ተማሪና እህል ጭኖ የሚሄድ አንድ ጎልማሳ ቢኖሩ መልካም ነው፤ ለጠንካራ ወጣት ምንም ያልሆነ ዳገት ለእነርሱ ወርዶ መግፋት ማለት ነውና፣ ወርደው የሚገፉበት ቦታ ከመኪናው መንገድ መራቅ አለመራቁን የሚያስተውሉት እነርሱ ናቸው።

አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዝናብ እየጣለ ወይም ገና እንዳባራ መሄድ ያስፈልጋል። ደረቁ ቀን ልቅ ጠጠሩን፣ አቧራውንና የጎማ ዱካውን ያሳያል፤ እርጥቡ ቀን ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያሳያል። ችግር ባለበት ቦታ ሁሉ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ በኖራ ምልክት ይደረግና ከታወቀ መነሻ፣ ለምሳሌ ከመገንጠያው፣ ያለው ርቀት በደብተር ይጻፋል። በተለይ ሊታለፍ የማይገባው ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያልፍበት የቱቦ መሻገሪያ ነው። ከክረምት በኋላ ሣሩ አድጎ የቱቦውን የግንብ ራስ ይሸፍነዋል፤ ከዳሩ እኩል የሚያልቀው ግንብ ከጎኑ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ጉድጓድ አለው፤ ለመኪና መንገድ የለቀቀ ብስክሌተኛ የፊት ጎማው ሣሩን እንደነካ ይዞት ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ቦታ ጥናቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሣሩን አጭዶ፣ ከግንቡ ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ትላልቅ ድንጋዮችን ከመሄጃው ውጭ አቁሞ በኖራ መቀባት ይገባል።

ውሃን ማስወጣት

የጠጠር መንገድን ቀድሞ የሚያበላሸው ውሃ ነው፤ መኪና የሚከተለው ውሃ ያላላውን ነው። ስለዚህ ለብስክሌት የሚደረግ ጥገና ሁሉ ከውሃ መጀመር አለበት፤ ውሃው ሳይወጣ የሚሞላ ጉድጓድ የሚቆየው እስከ ቀጣዩ ዝናብ ነው።

የመንገዱ መሐል ከዳሩ ከፍ ማለት አለበት። ለጠጠር መንገድ የሚመከረው ተዳፋት ከመሐል ወደ ዳር ከ5 እስከ 6 በመቶ ስለሆነ፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ መንገድ መሐሉ ከየዳሩ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህን ለመለካት ሲባጎና የግንበኛ ውሃ ልክ በቂ ናቸው፦ ከመሐል ወደ ዳር 3 ሜትር ሲባጎ ተወጥሮ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ ከሲባጎው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ቁመት በሜትር ይለካል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ውሃው ወደ ጎን በመውጣት ፈንታ በጎማ ዱካው ውስጥ ቁልቁል ይሮጣል። ከ18 በላይ እንዲሆን ማድረግም አይጠቅምም፤ በጣም ያዘነበለ ዳር ጀሪካን ወይም ጆንያ የጫነ ብስክሌትን ወደ ቦዩ ይገፋል።

ስለ ቦዩ ቅርጽ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። በብዙ ቦታ የሚታየው ጠባብና ጥልቅ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦይ ለቆፋሪው ቀላል ቢሆንም ለብስክሌተኛ አደገኛ ነው፤ እንዳይገባበት ስለሚፈራው ወደ መሐል ይጠጋል፤ ከመኪና ጋር የሚገናኘውም እዚያ ነው። ቦታ እስካለ ድረስ ቦዩ ሰፊና ጥልቀቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ሆኖ በመንገዱ በኩል ያለው ጎኑ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን እንዲያዘነብል ይደረግ። እንዲህ ያለው ቦይ ቢገቡበት እንኳ ሳይወድቁ የሚወጡበት ነው። ሣር ቢበቅልበት አይነቀል፤ በማጭድ ማሳጠር ይበቃል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛልና።

ቦዩ የተሸከመውን ውሃ በየቦታው ወደ ውጭ መልቀቅ ያስፈልጋል። ማስወጫዎቹ በተቀራረቡ መጠን በእያንዳንዱ የሚወጣው ውሃ ስለሚያንስ ማሳን አይሸረሽርም። እዚህ ላይ ከማሳው ባለቤት ጋር ሳይስማሙ መቆፈር ጠብ ማምጣት ነው። የወሎ ቆላና ደጋ በዚህ ይለያያሉ። በቆቦ ሜዳ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ስለሆነ የመንገዱን ውሃ ሊፈልገው ይችላል፤ ማስወጫው የት ይሁን ብሎ እርሱን መጠየቅ ሥራውንም ያቀላል፣ ጥበቃውንም ለእርሱ ይሰጣል። በጃማና በወረኢሉ መረሬ (ጥቁር ሸክላ) አፈር ላይ ግን ማሳው ራሱ ውሃ የሚተኛበት በመሆኑ ማስወጫው በድንጋይ ተነጥፎ እስከ ተፈጥሮ ፈፋ ድረስ መወሰድ አለበት። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ቦዩ ራሱ እንዳይቦረቦር በውስጡ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ክትሮች ይደረጋሉ፤ ቁልቁለቱ በጨመረ ቁጥር ክትሮቹ ይቀራረባሉ፤ የእያንዳንዱ ክትር መሐል ከሁለቱ ጫፎቹ ዝቅ ካላለ ውሃው ዞሮ መንገዱን ይበላዋል።

ከመንገዱ በላይ ያለው ተራራ ካልተያዘ የታች ሥራ ብቻውን አይጸናም። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ሲታቀድ ኮሚቴው ተገኝቶ፣ እርከኑና የውሃ ማስረጊያ ቦዩ ወደ መንገዱ ከሚያፈሰው ተዳፋት እንዲጀምር ቢያስወስን የመንገዱ ግማሽ ጥገና በዚያው ዘመቻ ይሠራል። ቱቦና ቦይ የሚጠረግበትም ጊዜ ከዝናቡ ጋር ይሂድ፦ በልግ በሚዘንብባቸው ወረዳዎች አንድ ጊዜ በጥር መጨረሻ፣ በሁሉም ቦታ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ። ከቱቦው የወጣው ደለል ቦዩ አፍ ላይ ከተተወ የመጀመሪያው ጎርፍ መልሶ ያስገባዋልና በቃሬዛ ተወስዶ ከመንገዱ በታች ይደፋ።

ዳሩን መጠገን

ጉድጓድ ለመሙላት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የተመቸ ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩ ግን ገና እርጥበት ስላለው በደንብ ይጠቀጠቃል። የጉድጓዱ ጠርዝ እስከ ጠንካራው ድረስ ቀጥ ተደርጎ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ውሃና ጭቃ ካለ ይወጣል፤ ከዚያ ጠጠር የተቀላቀለበት ገረጋንቲ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ንብርብር እየተጨመረ፣ በየንብርብሩ ውሃ እየተረጨ በከባድ መደቅደቂያ ይደቀደቃል። የመጨረሻው ንብርብር ከመንገዱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ መኪና ሲሄድበት ይወርዳል። ትልቅ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ መጣል መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ዙሪያው ሲታጠብ ድንጋዩ ብቻውን ቀርቶ ከጉድጓዱ የከፋ እንቅፋት ይሆናል።

በዳሩ አንድ ሜትር ላይ የሚነጠፈው ጠጠር ከመሐሉ ደቀቅ ማለት አለበት፤ ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ድንጋይ ለቅሞ መጣል ነው። ድቃቁን የሚይዝ ትንሽ ሸክላነት ያለው አፈርም ይጨመርበታል፤ አርጥበው ጨብጠው ሲለቁት ሳይፈርስ ቅርጹን የሚይዝ ድብልቅ ለዚህ ይሆናል፤ እጅ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሸክላው በዝቷል። ግሬደር ካለፈ በኋላ ዳሩ ላይ ተሰልፎ የሚቀረውን ልቅ ጠጠር በሬክ ወደ መሐል መመለስ የአንድ ቀን ሥራ ቢሆንም ጥቅሙ ከብዙ ጉድጓድ መሙላት ይበልጣል፤ በልቅ ጠጠር ላይ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ፍሬን መያዝ ራሱ ይጥላልና።

መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተሸብሽቦ ሲገኝ፣ ጥፋቱ የመጣው ፈጣን መኪና በደረቅና ባልተጣበቀ ጠጠር ላይ እየነጠረ በመሄዱ ነው። ሽብሽቡ ገና ዝቅተኛ ከሆነ ያረጁ የጭነት መኪና ጎማዎችን በሰንሰለት አያይዞ በትራክተር ወይም በጥማድ በሬ መጎተት ያስተካክለዋል። ከጠለቀ ግን ቆፍሮ፣ አርጥቦና እንደገና ጠቅጥቆ ካልሆነ በስተቀር አይድንም።

በመረሬ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በክረምት ጭቃው በጎማና በፓራፋንጎ መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬው መዞር ስለሚያቆም ብዙ ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ሙሉውን መንገድ ጠጠር ለማልበስ ገንዘብ ከሌለ፣ ከፍ ባለው ዳር ስፋቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 የሆነ መሄጃ ብቻ ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ ደቃቅ ገረጋንቲ ማልበስ ይቻላል። ይህ ለእግረኛውም ያገለግላል፤ መኪና እንዳይገባበት በመሐሉ ያለው ወሰን ላይ ራቅ ራቅ ብለው የሚታዩ፣ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች በጽኑ ይተከላሉ።

አጭርና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጠጠር አይቆይም። ኮብልስቶን የሚጠርቡ ወጣቶች ባሉበት አካባቢ፣ ዳገቱን ብቻ በጠፍጣፋ ኮብልስቶን ማልበስ ዘላቂ ነው፤ ፊቱ ያልተስተካከለ ድንጋይ ግን በብስክሌት ላይ ላለ ሰው ወገብ ስለሚያደክም መራጭ መሆን ያስፈልጋል። በጎሊናና በሆርማት አካባቢ እንዳሉት ባሉ ደረቅ ወንዞች መሻገሪያ ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው የውሃውን ቁመት የሚያሳይ የተቀባ ምሰሶና ጎርፍ ሲመጣ መቆሚያ የሚሆን ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ተራራው ላይ የዘነበው ሊደርስ ይችላልና በጎርፍ ውስጥ ብስክሌት ይዞ መግባት በፍጹም አይገባም። ጎርፉ ከጎደለ በኋላ የሲሚንቶው ወለል ላይ የሚቀረው አረንጓዴ ልጥልጥ በሻካራ መጥረጊያና በአሸዋ ይፈተግ።

እሾህና ድንጋይ

ከለመዳሪ (የጎማውን የውስጥ ላስቲክ) የሚበሳው አብዛኛው እሾህ ዛፍ ላይ ያለው ሳይሆን ሰው የጎተተው ነው። ገበሬው አጥር ለማጠር የቆረጠውን የግራር ቅርንጫፍ መንገድ ለመንገድ ሲጎትት፣ ከኋላው በየእርምጃው የሚቀረው እሾህ ለሳምንታት አቧራ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እሾህ ተሸክሞ ወይም በእንስሳ ጭኖ እንጂ ጎትቶ በመንገድ ማለፍ በቅሬው ስምምነት ይከልከል፤ የጎተተ ሰው ያለፈበትን ይጥረግ።

የድንጋዩ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። የተበላሸ የጭነት መኪና ነጂ ለማስጠንቀቂያ ብሎ የደረደረውን፣ ጎማ ሥር የወሸቀውንም ድንጋይ ትቶ ይሄዳል። በጨለማ ብስክሌተኛ የሚወድቀው በዚህ ነው። የመኪና ነጂዎችን በየመናኸሪያው በተራ አስከባሪዎች በኩል ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ግን ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ያዩትን ለቅሬው ተረኛ እንዲነግሩ ማድረግ ፈጥኖ ይሠራል።

የመኪና ፍጥነት

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ነጂው ፍሬን ሳይረግጥ በድንጋጤ የሚያልፈው ሴኮንድ ይህ ነው። በ30 ሲሄድ ግማሹን ይጓዛል፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እንዳይበልጥ የሚመክረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ መንደር መግቢያ፣ ትምህርት ቤትና የገበያ ቦታ ላይ ፍጥነት መቀነስ አለበት። በተለይ በገበያ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ በባቲ፣ ግመሉ፣ አህያው፣ እግረኛውና አይሱዙው በአንድ መንገድ ላይ ናቸው።

ነዋሪው ተቆጥቶ መንገድ ላይ የሚደረድረው ድንጋይና የሚቆልለው አፈር ጉብታ አይደለም፤ ሌሊት ለመጀመሪያ የሚጥለው ብስክሌተኛውን ነው። በወረዳው ፈቃድ የሚሠራ ጉብታ ቁመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በመንገዱ አቅጣጫ ወደ 4 ሜትር የሚረዝም፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን፤ ቀድሞ የሚታይ ምልክትም ይኑረው። በየዳሩ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት መተው ውሃንም ብስክሌትንም ያሳልፋል፤ ባጃጅ እንዳይገባበት አንድ ድንጋይ ከጎኑ ማቆም ይበቃል። ባጃጅና ዶልፊን ሰው የሚጭኑበት ቦታ ላይ ደግሞ ከመንገዱ ውጭ የሚቆሙበት ሜዳ ይደልደልላቸው፤ ዳሩን ዘግተው ሲቆሙ ብስክሌተኛው ሳይወድ ወደ መሐል ይወጣልና።

ኩርባ ላይ ከውስጥ በኩል ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር ብዙ አያደክምም። በኩታበርና በውጫሌ አካባቢ ጉም በሚወርድበት ወቅት ግን ምንጠራም አይበቃም፤ ብስክሌቱ ከኋላው ቀይ አንጸባራቂ፣ ከፊቱ መብራት ያስፈልገዋል። ነጭ ጋቢ በጨለማ ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን ጫፉ ቸርኬ ውስጥ እንዳይገባ ወገብ ላይ መታሰር አለበት። ሽርጥ ወይም ቀሚስ ለሚለብስ ሰው የሰንሰለት መሸፈኛ ያለው ብስክሌት ይመረጥ።

ጥላ፣ ድርሻና ደብዳቤ

ጥላ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ በቆላ ከሰዓት በኋላ የደከመ ሰው ሚዛኑን ያጣል። ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚሄድ መንገድ ላይ የከሰዓት ጥላ የሚገኘው በምዕራብ ዳር ከሚተከል ዛፍ ነው። ከቦዩ ውጭ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ዋንዛ መትከል ጥሩ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ቅጠሉና ቅርፊቱ እየረገፈ መንገዱን ስለሚያንሸራትት ከዳሩ ይራቅ።

ሥራውን ለማከፋፈል ቅሬ የተሻለ መዋቅር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በብዙ ቦታ በአንድ ቅሬ ስለሚገናኙ ማንም አይቀርም። ለእያንዳንዱ ቅሬ ከ500 ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተለክቶ ይሰጥ፤ ድንበሩ በተቀባ ድንጋይ ይታወቅ፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ድርሻውን የሚያይ ተረኛ ይመደብ።

ከቅሬ አቅም በላይ ለሆነው፣ ማለትም ለተሰበረ የአስፋልት ጠርዝ፣ ክፈፉ ለተነሣ ቱቦና ለፌዴራል መንገድ ትከሻ፣ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ቦታውን በኪሎ ሜትር ይጥቀስ፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ትከሻው ያለውን ቁመት በሴንቲ ሜትር ይግለጽ፤ ከ5 በላይ ከሆነ ጎማ ወደ ላይ ሲመለስ እንደሚጥል ያስረዳ፤ ከአጠገቡ ሜትር የተቀመጠበት ፎቶግራፍ ይያያዝበት። ጥያቄውም ግልጽ ይሁን፦ መንገዱ በሚጠገንበት ጊዜ በሁለቱም ዳር 1 ሜትር ከ50 የሆነ የተጠቀጠቀ ትከሻ እንዲሠራ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቀው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ብስክሌትንና እግረኛን የሚመለከት የመንግሥት አቋም ስለሆነ በደብዳቤው ቢጠቀስ ጥያቄውን ያጠነክራል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ደብዳቤው እቅድ ከመዘጋቱ በፊት፣ ቢዘገይ እስከ መጋቢት፣ በወረዳው በኩል ገቢ ሆኖ የመዝገብ ቁጥሩ በኮሚቴው ደብተር ላይ ይጻፍ።